ነፃ የትምህርት ዕድል፦ ከገንዘቡ ቀድሞ የሚያልቀው ዕድሜ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች መካከል ልጆቹን ወይም ታናናሾቹን ለማስተማር ሲል አገሩን የለቀቀ ሰው ማግኘት ከባድ አይደለም። በየወሩ ወደ ደሴ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ሐረር ወይም ወደ አዲስ አበባ ከሚላከው ገንዘብ ውስጥ የትምህርት ቤት ክፍያ የራሱ ድርሻ አለው። ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ግን ነገሩ መልኩን ይለውጣል። እስከዚያ ድረስ በየወሩ የሚከፈል ክፍያ የነበረው ጉዳይ የአራትና የአምስት ዓመት ወጪ ይሆናል። ብዙ ወላጆችም የሚሰጡት የመጀመሪያ መልስ «ሁለት ዓመት ጨምሬ ልሥራና ላጠራቅም» የሚል ነው።

ይህ መልስ ከፍቅርና ከጥንቃቄ የሚመነጭ ቢሆንም፣ አብዛኛውን ጊዜ ውድ ዋጋ ያስከፍላል። ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ክፍት ከሆኑት የውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድሎች መካከል ብዙዎቹ ከወላጅ ኪስ የሚጠይቁት ገንዘብ ጥቂት ነው። አጥብቀው የሚጠይቁት ዕድሜን፣ የምስክር ወረቀት ቀንንና የማመልከቻ ወቅትን ነው። ገንዘቡ እስኪጠራቀም የተጠበቀ ልጅ፣ ገንዘብ የማይጠይቀው በር በዕድሜው ምክንያት ይዘጋበታል።

ጥያቄው ለምን ይህን ያህል እንደከበደ ለመረዳት የቅርብ ዓመታቱን ብሔራዊ ፈተና መመልከት ይበቃል። በ2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845,188 ተማሪዎች መካከል ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ ይህም 3.2 በመቶ ነው። በቀደመው ዓመትም ውጤቱ 3.3 በመቶ ነበር። ከቀሩት ውስጥ የተወሰኑት የማካካሻ ትምህርት፣ በተለምዶ «ሪሜዲያል» የሚባለውን፣ ተከታትለው ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድል ያገኛሉ። ሌሎቹ ወደ ቴክኒክና ሙያ ወይም ወላጅ ወደሚከፍልበት የግል ኮሌጅ ያመራሉ።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ተማሪም ቢሆን «በነፃ ተማረ» የሚባለው በልማድ ነው። በ1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003) የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 ተማሪው የምግቡንና የማደሪያውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን እንዲጋራ ደንግጎ ነበር። ተማሪው ውል ይፈርማል፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝም ከወር ገቢው ቢያንስ አሥር በመቶ እየተቀነሰ ይከፈላል። መምህር ሆኖ ያገለገለ ግን ዕዳውን በአገልግሎቱ ሊያወራርድ ይችላል። ይህ «የወጪ መጋራት» የሚባለው ሥርዓት ለድሃው ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው፤ በመግቢያው ቀን ምንም አይጠየቅምና። ይሁን እንጂ ዕዳ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ተመርቆ ወደ ሪያድ ወይም ወደ ዱባይ ለሥራ የሚሄድ ወጣት ዋናውን ዲግሪና ትራንስክሪፕቱን ለማውጣት ሲቀርብ የወጪ መጋራት ክሊራንስ ሲጠየቅ ነው ብዙውን ጊዜ ያንን ውል የሚያስታውሰው።

የግል ኮሌጅን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ ማንሳት ይበቃል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል፤ በመጀመሪያው ዙር ከግል ተቋማት ያለፉት ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቹ በእጅጉ ያነሱ ነበሩ። አራት ዓመት ሙሉ ከውጭ ገንዘብ የሚልክ ወላጅ ከክፍያው መጠን በፊት የሚጠይቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ኮሌጁ በዚያ የትምህርት መስክ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና ያለው መሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው ተማሪዎቹ በመውጫ ፈተናው እንዴት እንደሆኑ ነው። የኮሌጁ ሕንፃ ማማርና የማስታወቂያው ድምቀት ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አይሆኑም።

ወደ ውጭው ስንመለስ፣ ለአማርኛ ተናጋሪው ሙስሊም ቤተሰብ ቀድሞ የሚታወቀው የመዲና ኢስላማዊ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 (1381 ሂጅራ) የተመሠረተው ይህ ተቋም ከመጀመሪያው ከውጭ የሚመጡ ተማሪዎችን ታሳቢ ያደረገ ነው፤ ዛሬም አብዛኞቹ ተማሪዎቹ ከሳዑዲ ዓረቢያ ውጭ የመጡ ናቸው። ዕድሉ የትምህርት ክፍያን፣ ማደሪያን፣ ወርሃዊ ድጎማን፣ የዓመት የአውሮፕላን ትኬትን ይጨምራል። ዐረብኛ የማይችል ተማሪ አስቀድሞ በዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ተቋም ይማራል። በሸሪዓ፣ በቁርኣንና በሐዲስ ፋኩልቲዎቹ የሚታወቅ ቢሆንም ምህንድስናና ኮምፒውተርም ያስተምራል፤ ይህን ብዙ ወላጆች አያውቁም። ለመጀመሪያ ዲግሪ የአመልካቹ ዕድሜ ከ25 ማለፍ የለበትም፤ የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀቱም ከተገኘ ከአምስት ዓመት በላይ የቆየ መሆን የለበትም።

እዚህ ላይ ስሌቱን ማየት ይጠቅማል። በገጠር ዘግይቶ ትምህርት የጀመረ ልጅ አሥራ ሁለተኛን በሃያ ዓመቱ ሊጨርስ ይችላል። ቤተሰቡ «ትንሽ እናጠራቅም» ብሎ ሦስት ዓመት ከጠበቀ ልጁ 23 ይሞላዋል። ማመልከቻው ታይቶ መልስ እስኪመጣ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። መጀመሪያ ሳይመረጥ ቀርቶ እንደገና ለማመልከት ቢነሣ 25ን ይነካል። አንድ ሪያል ሳይከፈልበት ሊገኝ ይችል የነበረው ዕድል በዚህ መንገድ ያመልጣል።

የመዲናው ዕድል ለወንዶች ነው። ለሴት ልጆች በሪያድ የሚገኘው የልዕልት ኑራ ቢንት አብዱረሕማን ዩኒቨርሲቲ አለ። ሴቶችን ብቻ የሚያስተምረው ይህ ተቋም ለውጭ አገር ሴት ተማሪዎችም ነፃ ዕድል ይሰጣል፤ ዐረብኛ የሚያስተምር ተቋምም አለው። የሳዑዲ የትምህርት ሚኒስቴር «በሳዑዲ ይማሩ» በሚል ባቋቋመው አንድ ወጥ የማመልከቻ መድረክ አማካይነት ደግሞ የበርካታ ዩኒቨርሲቲዎችን ዕድል በአንድ ቦታ ማየት ይቻላል። በአገሪቱ የነፃ ትምህርት ደንብ መሠረት ለመጀመሪያ ዲግሪ የዕድሜ ክልሉ ከ17 እስከ 25 ሲሆን፣ ለማስተርስ እስከ 30፣ ለዶክትሬት እስከ 35 ነው። አመልካቹ ከሌላ የሳዑዲ ተቋም ነፃ ዕድል ያገኘ መሆን የለበትም።

በሳዑዲ ለሚኖሩ ቤተሰቦች አንድ ልዩነት ማወቅ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል። ዕድሉ «የውስጥ» እና «የውጭ» ተብሎ ይከፈላል። የውስጡ በሕጋዊ መኖሪያ ፈቃድ፣ ማለትም በኢቃማ፣ በአገሪቱ ውስጥ ለሚኖሩ ሲሆን የውጩ ከአገራቸው ሆነው ለሚያመለክቱ ነው። የጥቅማ ጥቅሙ ዝርዝር አንድ አይደለም። የውጩ ተማሪ ከወርሃዊ ድጎማና ከትኬት አልፎ ሲመረቅ የመጻሕፍቱን ማጓጓዣ ጭምር ያገኛል። የውስጡ ዕድል ግን በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከትምህርት ክፍያ ነፃ ከማድረግ ላያልፍ ይችላል። ጅዳ ተወልዶ ያደገ ልጅና ከሀርቡ የሚያመለክት የአጎቱ ልጅ በአንድ ክፍል እየተማሩ የተለያየ ወጪ ሊኖራቸው ይችላል ማለት ነው። «ሙሉ ስኮላርሺፕ» የሚለውን ቃል ሰምቶ የሚደሰት ወላጅ ሙሉነቱ ምኑን ምኑን እንደሚጨምር በዝርዝር መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

የቱርክ መንግሥት የትምህርት ዕድል ከእነዚህ ሁሉ ጠባብ የዕድሜ በር ያለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በአሁኑ ስሙ የሚሰጠው ይህ ፕሮግራም ለመጀመሪያ ዲግሪ አመልካቾች ከ21 ዓመት በታች እንዲሆኑ ይጠይቃል፤ ለማስተርስ ከ30፣ ለዶክትሬት ከ35 በታች። በውጤት ረገድ ለመጀመሪያ ዲግሪ ቢያንስ 70 በመቶ፣ ለሕክምና፣ ለጥርስ ሕክምናና ለፋርማሲ 90 በመቶ ያስፈልጋል። የትምህርት ክፍያ፣ ማደሪያ፣ ወርሃዊ ድጎማ፣ የጤና መድን፣ የደርሶ መልስ ትኬት አንድ ጊዜ፣ እንዲሁም የአንድ ዓመት የቱርክኛ ትምህርት ያካትታል። ማመልከቻው በቅርብ ዓመታት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 10 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ሲከፈት ቆይቷል፤ በእኛ አቆጣጠር ከጥር 2 እስከ የካቲት 13 አካባቢ መሆኑ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ገና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ያለና በዚያው ዓመት የሚጨርስ ተማሪም ማመልከት መቻሉ ነው። ብሔራዊ ፈተናው በሰኔና በሐምሌ ስለሚሰጥ፣ ውጤቱን አይቶ ለማመልከት የተቀመጠ ተማሪ ሙሉ አንድ ዓመት ያጣል፤ 21 ዓመት ለቀረበው ልጅ ያ አንድ ዓመት ሁሉ ነገሩ ነው።

የቋንቋው ዓመትም በቤተሰቡ ስሌት ውስጥ መግባት አለበት። አራት ዓመት የተባለው የቱርክ ዲግሪ በተግባር አምስት ነው፤ በሳዑዲ ዐረብኛን ከመሠረቱ ለሚጀምር ደግሞ ስድስት ሊደርስ ይችላል። በእነዚያ ዓመታት ልጁ ወጪው ቢሸፈንለትም ቤተሰቡን አይረዳም። እናት በሰው ቤት እየሠራች የምታስተዳድረው ቤት ከሆነ፣ የበኩር ልጅ ስድስት ዓመት ያለ ገቢ መቆየቱ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ይህን አስቀድሞ መነጋገር በሦስተኛው ዓመት «ትምህርቱን አቋርጠህ ና» ከማለት ያድናል።

ለተማሪ የሚደረግ ድጋፍ ለሙስሊሙ ዓለም እንግዳ ነገር አይደለም። ካይሮ በሚገኘው አል-አዝሀር እንደየመጡበት አገር ለተማሪዎች የተከፈሉ «ሪዋቅ» የሚባሉ ማደሪያዎች ነበሩ። ከመካከላቸውም አንዱ ከሐበሻ ምድር ለሚሄዱ ጀበርቶች የተለየው «ሪዋቅ አል-ጀበርቲያ» ነበር። በወቅፍ ከተያዘ ንብረት ገቢ ለሪዋቆቹ ተማሪዎች የዳቦ ራሽን ይሰፈርላቸው ነበር። የግብፅን ታሪክ በመጻፍ የታወቀው አብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (1753–1825) ከዚያ ሪዋቅ ኃላፊዎች ዘር የተወለደ ነው፤ ስሙም የአያቶቹን አገር ይነግራል። ዛሬም ወደ አል-አዝሀር በነፃ ዕድል የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ለውጭ ተማሪዎች በተሠራው የማደሪያ መንደር ያድራል። በአገር ቤትም በወሎ፣ በዳናና በጀማ ንጉሥ፣ ደረሳው ኪታብ ፍለጋ ከሸኽ ወደ ሸኽ ሲዞር ያበላው የመንደሩ ሰው ነበር። ደረሳው ዕዳ አልነበረበትም፤ የሚጠበቅበት ተምሮ ማስተማር ነበር።

ይህንኑ አስተሳሰብ በዘመናዊ መልክ የያዘው መቀመጫውን ጅዳ ያደረገው የኢስላማዊ ልማት ባንክ ነው። ኢትዮጵያ የባንኩ አባል አይደለችም፤ ሆኖም ባንኩ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ አባል ባልሆኑ አገሮች ለሚኖሩ የሙስሊም ማኅበረሰቦች የትምህርት ፕሮግራም አለው። የፕሮግራሙ አሠራር ሲቋቋም የተለየ ነበር። ገንዘቡ ለማኅበረሰቡ ስጦታ፣ ለተማሪው ግን ቀርድ ሐሰን፣ ማለትም ወለድ የሌለው ብድር ነው። ተማሪው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ የሚመልሰው ለባንኩ ሳይሆን በአገሩ ላለው ማኅበረሰብ ነው፤ በዚያ ገንዘብም ሌላ ተማሪ ይማርበታል። ሐኪም የሆነው የመጀመሪያው ተማሪ ብድሩን ሲዘነጋ፣ የሚቀረው ከኋላው ያለው ልጅ ነው ማለት ነው። ይህን ዓይነት ዕድል የሚያገኝ ወጣት የፈረመው ነገር ስጦታ ነው ወይስ አማና የሚለውን ከመጀመሪያው ማወቅ ይኖርበታል።

በባሕረ ሰላጤው ለድኅረ ምረቃ የሚፈልጉ ወጣቶችም አማራጭ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 በቀይ ባሕር ዳርቻ የተከፈተው የንጉሥ አብደላ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተቀባይነት ላገኙ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች ሙሉ ወጪያቸውን ይሸፍናል፤ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ነው። ውድድሩ ከባድ ነው። ነገር ግን በአዳማ ወይም በጅማ ዩኒቨርሲቲ በጥሩ ውጤት የተመረቀ መሐንዲስ ሊሞክረው የማይገባ አይደለም።

ብድርን በተመለከተ ብዙ ቤተሰብ በወለድ ምክንያት ይሸማቀቃል፤ ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ ከወለድ መሸሽ ማለት አማራጭ ማጣት ማለት አይደለም። በኢትዮጵያ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው የመጀመሪያው ባንክ፣ ዘምዘም፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ጀምሯል፤ ሂጅራም ተከትሏል። ለልጁ የኮሌጅ ዓመታት በየወሩ ትንሽ የሚያስቀምጥ ወላጅ ገንዘቡን በዘመድ እጅ ከሚያከማች በእንዲህ ዓይነት ሒሳብ ቢያኖረው፣ ከወለድም ከዘመድ ቅያሜም ይድናል። ዘካን በተመለከተ ደግሞ ኢማም አን-ነወዊን የመሳሰሉ የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንት ሸሪዓዊ ዕውቀት በመማር የተጠመደና ሥራ መሥራት ትምህርቱን የሚያቋርጥበት ተማሪ ከዘካ መቀበል እንደሚችል ገልጸዋል። የዘመናችን ብዙ ዑለማዎች ለማኅበረሰቡ የሚጠቅም ሌላ ዕውቀት ለሚማር ችግረኛም ይህንኑ ይፈቅዳሉ። ስለዚህ በሪያድና በጅዳ ያሉ የአገር ልጆች በረመዳን ሲሰባሰቡ ከሚያከፋፍሉት ዘካ ከፊሉ ለአንድ ችግረኛ ተማሪ ትኬትና የሰነድ ማረጋገጫ ቢውል ቦታውን አልሳተም፤ ዝርዝሩን የሚያምኑትን ዓሊም መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሰነድ ስንል፣ ብዙ ወጪና ብዙ ጭንቀት ያለው እዚህ ነው። በመዲናም ሆነ በቱርክ ፕሮግራም ማመልከት በነፃ ነው። «የመዲናን መቀመጫ አስይዛለሁ» ወይም «በቱርክ ኤምባሲ ሰው አለኝ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ የሚሸጠው የሌለ ነገር ነው። እናት ከደመወዟ የምትሰጠው ያ ገንዘብ መውጣት ያለበት እውነተኛ ወጪ ወዳለበት ቦታ ነው፤ ፓስፖርት ለማውጣት፣ ትራንስክሪፕትን ለማስተርጎም፣ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲ ለማስመስከር፣ እንዲሁም ለጤና ምርመራ። አንዳንድ ፕሮግራሞች እነዚህን የሚጠይቁት ከተመረጡ በኋላ ስለሆነ ወጪው ሁሉ በአንድ ቀን አይመጣም።

የሙስሊም ስሞች በላቲን ፊደል ሲጻፉ የሚፈጠረው ልዩነትም ቀላል ነገር አይደለም። መሐመድ፣ ሑሴን፣ ዘይነብ የሚሉት ስሞች በትምህርት ቤት መዝገብ በአንድ ዓይነት፣ በፓስፖርት በሌላ ዓይነት ይጻፋሉ። የልደት ዘመን ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲቀየር ደግሞ ሰባት ወይስ ስምንት ዓመት ይጨመር የሚለው በየሰነዱ ይለያያል። መስፈርቱ «ከ21 በታች» በሆነ ጊዜ በአንድ ዓመት የተሳሳተ ልደት ተማሪውን ከውድድር ያስወጣዋል፤ ሁለት ሰነዶች ሁለት ልደት ካሳዩ ደግሞ ጥርጣሬ ያስከትላል። ይህን ለማስተካከል በወረዳና በትምህርት ቤት የሚደረገው ምልልስ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ልጁ አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገባ ፓስፖርቱን ማውጣትና በእርሱ ላይ ያለውን የስም አጻጻፍ ለብሔራዊ ፈተና ምዝገባ መጠቀም ይጠቅማል፤ በኋላ የሚወጣው የምስክር ወረቀት ከዚያው ምዝገባ የሚቀዳ ነውና።

በመጨረሻም ልጁ ከውጭ ተምሮ ሲመለስ ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻ ግምት ይሰጠዋል። ከመሄዱ በፊት የሚማርበት መስክና የሚገባበት ዩኒቨርሲቲ በአገር ቤት እንዴት እንደሚታይ በዚያው መሥሪያ ቤት መጠየቅ ይቻላል። ወላጁ በውጭ ከሆነ ጥያቄውን ተማሪው ራሱ ማቅረብ ይችላል፤ የሚያስፈልገው የዩኒቨርሲቲው ስም፣ የትምህርት ክፍሉና የትምህርቱ ርዝመት ነው።